ሶሬቲ የነገረችኝ

ለማከብርዎት እህቴ ለእትዬ ፅጌረዳ፤

እንደምን ከረሙልኝ? ክረምቱ እንዴት አድርጎ አሳለፈዎት? ያ ጉልበትዎ የደብረ ማርቆስን ብርድ ቻለው ወይ? ጋሼ ደርበው ስኳሩ ረገበላቸው ወይስ አሁንም እርስዎ ዞር ሲሉ ሻይ ቤት ገብተው ሦስት ማንኪያ ያስጨምራሉ? ሙሉብርሃን የአራስነቷን ጊዜ በደህና ጨረሰች? ብሥራትና አብነትስ ትምህርት ጀመሩ? እኔ በፈጣሪ ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ፤ የበላሁት ይስማማኛል፤ ጥርሴንም ከቀሩት ከሦስቱ በቀር አያመኝም። ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልዎት ግን አልቻልኩም።

ነገሩን በስልክ ያልነገርኩዎት ጆሮዎ እየደከመ ስለሄደ ነው። ለእርስዎ ለማሰማት ሰፈሩ እስኪሰማ መጮህ አለብኝ፤ ይህ ደግሞ የሚጮህበት ነገር አይደለም። ስለዚህ መነጽርዎን ያድርጉና ራስዎ ያንብቡት። ለልጆቹ አንብቡልኝ ብለው እንዳይሰጧቸው።

ባለፈው ዓመት ወንድምሽ ጴንጤ ሆነ የሚል ወሬ ደርሶዎት እንዳዘኑ ሰምቻለሁ። አልሆንኩም እትዬ። ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላሙ አጠገብ የምቆምባትን ቦታ ዛሬም ማንም አልነጠቀኝም። ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ መቱ በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የድሃ ልጆችን የሚረዳ ድርጅት አለ፤ ሰዉ ሁሉ ፕሮጀክት ይለዋል። እያንዳንዱ ልጅ ባሕር ማዶ አንድ ረጂ አለው። ልጁ ደብተር፣ ዩኒፎርምና ሕክምና ያገኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ ይማራል፣ ምሳውን ይበላል፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜም ለረጂው ደብዳቤ ይጽፋል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤት ተቀምጬ ከግድግዳ ጋር ከምጣላ ብዬ በነፃ ላገልግላችሁ አልኳቸው። ኃላፊዋ ገሊላ የምትባል፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት ናት፤ ረቡዕና ዓርብ ለሌላው ሻይ በወተት ሲቀዳ ለእኔ ብቻ ጥቁር ሻይ ታስፈላልኛለች። ሥራዬ ልጆቹ በኦሮምኛ የሚሉትን በአማርኛ መጻፍ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል።

ለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ ሰው ከመቱ እስከ ዳሪሙ ቢፈለግ እንደማይገኝ እርስዎም ያውቃሉ፤ እኔማ አሳምሬ አውቅ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ቆሜ፣ ያልተባለ አልጨምርም፣ የተባለ አልቀንስም ብዬ እየማልኩ ሳስተረጉም የኖርኩ ሰው ነኝ። የኖፓ ሽማግሌዎች ኦሮምኛዬን ሰምተው፣ አባቴ ከመንዝ የመጡ ናቸው ስላቸው ዋሽተሃል ይሉኝ ነበር። እንዲህ ሲሉኝ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ። ጉድ የሠራኝም ይኸው ኩራቴ ነው።

ሐምሌ አሥራ አራት ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሰው ከሰው አያሰማም። ሶሬቲ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ደብዳቤ የማስጻፍ ተራዋ ደረሰ። አባቷ ደበሳ ወደ ሶር ፏፏቴ በሚወስደው መንገድ ትንሽ የቡና መሬት ያለው ገበሬ ነው፤ እናቷ ጅዳ ሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏታል። ረጂዋ፣ የምትወጂው ቀለም ምንድን ነው ብላ ጽፋላት ነበር። እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ ስለ ቀለም ነው የሚጠይቁት፤ ልጆቹም ሁልጊዜ የላማቸውን ቀለም ነው የሚመልሱት። ሶሬቲ ግን ስለ ቀለም አንድም ነገር አላለች። አንገቷን ደፍታ፣ “ገራን ና ኛታ” አለችኝ።

ኦሮምኛውን ረስተውት እንደሆነ፣ ቃል በቃል ሆዴ ይበላኛል ማለት ነው። ሆዱን የሚያመው ሰው እንዲህ ይላል፤ ያዘነ፣ ሰው የናፈቀው፣ ሆድ የባሰውም እንዲሁ ይላል። ቋንቋውን ትናንት የለመደ ሰው እኔ ቦታ ተቀምጦ ቢሆን፣ ልጅቷን ሆዷን አሟታል ብሎ ለጤና ጣቢያ ወረቀት ይጽፍላት ነበር። ወረቀቱ እኮ እዚያው ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። እኔ ግን አዋቂ ነኝ። ጅዳ ያለችው እናቷ መጣችብኝ። “እማዬ ከሄደች ወዲህ ሆዴ ይባባል፤ መንገዱን ባየሁ ቁጥር የምትመጣ ይመስለኛል” ብዬ አሳምሬ ጻፍኩላት። ስለ መንገድ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ከራሴ የጨመርኩት ነው። ሁለተኛ ደገመችልኝ። አይዞሽ፣ እናትሽ ትመጣለች ብዬ ራሷን ዳበስኩና ብስኩት ሰጠኋት። ሳትበላው በእጇ እንደያዘች ቀረች፤ ያንንም ከሐዘን ቆጠርኩት። ገሊላ ደብዳቤውን አንብባ ዓይኗን ጠረገችና፣ ጋሼ፣ እንዴት አድርገው ነው የጻፉት አለችኝ። ከእርስዎ የምደብቀው የለኝም፣ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት። ልጅቷ ያንን ጭቃ እየረገጠች በእግሯ አገሯ ገባች።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። ወንዙ ሞልቶ ሲጠብቁ ነበር ያረፈዱት። ገሊላ ደውላልኝ ሮጬ ሄድኩ። ሐኪሙ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ልጅ ስለሆነ ኦሮምኛ አይሰማም፤ እኔ መሐል ቆሜ አስተረጎምኩ። ሕመሙ ከጀመራት ስንት ቀን ሆነ ብሎ ጠየቀ። ደበሳ ከትናንት ጀምሮ ነው፣ ያስታውካታል አለ። ይኼኔ ሶሬቲ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝና ያንኑ ቃል አለችኝ። በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ ነበር።

እትዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከትናንት ሳይሆን ከቅዳሜ ጀምሮ ነው፣ ለእኔ ነግራኝ ነበር ማለት ነበረብኝ። ከትናንት ጀምሮ ነው ይላል አባትየው አልኩ። አስተርጓሚ ከራሱ አይናገርም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ቅዳሜ ያልተባለ ጨምሬ፣ ማክሰኞ የተባለ ቀነስኩ። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ መግሉ ሆዷ ውስጥ ተሰራጭቷል አሉ። ቀደዷት፤ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉላት። ረቡዕ ከቀትር በኋላ አረፈች። በሳምንቱ ሐኪሙ ዘንድ ተመልሼ፣ ማክሰኞ ዕለት ቀኑን በትክክል ብናውቅ ትድን ነበር ወይ አልኩት። ማክሰኞማ አልፎ ነበር አለኝ። ቅዳሜ ቢሆንስ አልኩት። ቅዳሜ ቢሆን ቀላል ነበር አለኝ። ለምን እንደጠየቅኩት አላወቀም።

ለቀብሯ አገሩ ሁሉ ወጣ። ደበሳ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል መጥቶ እጄን ሳመኝ፤ ልጄን እንደ አባት ነበር የያዙልኝ አለኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል እሰማ ነበር፤ የጆሮን ወለምታ ማን እንደሚያሸው ግን እስከዛሬ የነገረኝ የለም።

ለገሊላ ነግሬያታለሁ። አለቀሰችና፣ ጌታ ልብዎን ያያል ብላ እጇን ጭና ጸለየችልኝ። መልካም ጸሎት ነው፤ እኔን ግን ያስፈለገኝ የሚሰድበኝ ሰው ነበር። ሥራውን ልተወው ብላትም እሺ አላለችኝም። ከዚያ ወዲህ አንድ ልጅ ገራ የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ሌላውን ሳልሰማ ወረቀት እጽፋለሁ። አንድ ቅዳሜ አሥራ አንድ ልጆች ልኬ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደውላ፣ ጋሼ፣ ምን አብልታችኋቸው ነው፣ አንዳቸውም እኮ አልታመሙም አለችኝ። ለወጉ ያህል ይቅርታ ጠየቅኳት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ዘጠኝ ላክሁ።

በመስከረም መጨረሻ የረጂዋ መልስ መጣ። የልጅቷን ሞት ሳትሰማ የጻፈችው ነው። ቢራቢሮ የተሳለበት ካርድ ላይ፣ ስለ እናትሽ የጻፍሽውን አንብቤ አለቀስኩ፣ ያንን መንገድ እኔም በሐሳቤ አብሬሽ አየዋለሁ ይላል። ገሊላ ለሶሬቲ አባት ይነበብለት፣ የእሱ ንብረት ነው አለች። ደበሳን አስጠርተን ግቢው ውስጥ አቮካዶው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ እኔም በኦሮምኛ አነበብኩለት። ጨርሼ ቀና ስል፣ ሶሬቲ ይህን ያለችው መቼ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ልዋሽ እችል ነበር። አልዋሸሁም። ያለችውን፣ የጻፍኩትን፣ ሐኪሙ ፊት የዋጥኩትን፣ ሐኪሙ በኋላ ያለኝን ሁሉ ነገርኩት።

እንዲሰድበኝ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝም አልከላከልም ነበር። በመጨረሻ ካርዱን እያገላበጠ፣ “ጋሼ፣ ለእኔም ዓርብ ዕለት ነግራኝ ነበር” አለኝ። እሱም እንደ እኔ የእናቷ ናፍቆት መስሎት የጎረቤት ስልክ ለምኖ ከጅዳ ጋር አገናኛት። ሶሬቲም ለእናቷ ያንኑ ቃል አለቻት። እናትየዋ ስታለቅስ ቆየችና “አናስ ገራን ና ኛታ” አለቻት፤ እኔንም ይበላኛል ማለቷ ነው። ከዚያ ሁለቱም ስልኩን ይዘው ተላቀሱ አለኝ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ደበሳ ልጁን ድንገተኛ ነው የወሰዳት ብሎ ተጽናንቶ ነበር። ዓርብ ለእሱ፣ ቅዳሜ ለእኔ የተባለውን ገጣጥሜ እጁ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሸክሜን ላራግፍ ሄጄ እሱ ጫንቃ ላይ አወረድኩት። እውነት ተናግሬ እንዲህ የከፋኝ ቀን አላስታውስም።

ከዚያ ሁለቱንም እጆቼን ያዘኝ። ኅዳር ላይ የእናትየዋ ኮንትራት ያልቃል፤ ትመጣለች። የልጄን የመጨረሻ ደብዳቤ የጻፉትን ሽማግሌ አገናኙኝ ብላ ለገሊላ ከአሁኑ ደውላላታለች። ደበሳ የለመነኝ አንድ ነገር ነው፤ ቃሉ የሕመም እንደነበር ለእሷ እንዳይነግሩብኝ፣ እሷ በጆሮዋ ሰምታዋለችና አትችለውም አለኝ። ማልኩለት።

እና እትዬ፣ ኅዳር ሲገባ ያቺ ሴት ፊቴ ተቀምጣ፣ ልጄ ለመጨረሻ ጊዜ ምን አለችዎት ትለኛለች። መልሱን ከአሁኑ እያሰናዳሁ ነው። ጫማ አምሯት ነበር እንዳልላት፣ ሳልልክላት ብላ ትቃጠላለች። ናፍቀሻት ነበር እንዳልላት፣ ጥያት ባልሄድ ትላለች። አንድም ቀን እናቷን አላነሳችም ብል ደግሞ ያ ከሁሉ ይብሳል። ስለዚህ እየሳቀች ነው የሄደችው እላታለሁ። በጥሩ ኦሮምኛ ነው የምነግራት፤ ታምነኛለች።

በጸሎትዎ ሶሬቲ ብለው ያስቧት። ለጋሼ ደርበው እጅ ነስቻለሁ፣ ሻዩን ይቀንሱልኝ። ሙሉብርሃንን ከነልጇ ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ተነሥታ ትየው ይበሉልኝ። ለብሥራት አጎትህ ቁመትህን ይጠይቃል፣ ለአብነት ደግሞ የእጅ ጽሑፍህን አሻሽል ብሏል ይበሏቸው። ጎረቤትዎን እማሆይንም ሰላም ይበሉልኝ።

ወንድምዎ ወልደ የሱስ
መቱ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.