የዳሞነቱ ሙግት በሸንጎ ይታይ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ተማም፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምቱን ሲያስነክስዎ የከረመው ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እናታችንስ እንዴት ከርማለች፤ ዓይኗ አሁንም ሰው ይለያል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

የላኩልኝ ወረቀት ደርሶኛል። አባባ ሊሞቱ ሲሉ የጎሳችንን አለቅነት፣ ዳሞነቱን፣ ለርስዎ ተናዘዋል ብዬ ምዬ እንድፈርምና ለወረዳው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ነው ያዘዙኝ። ሺፍቴን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ዳንፎርዝ ላይ ወዳለ አንድ ጠበቃ ቢሮ ሄድኩ። ጎረቤቴ የኔነሽ ልታስተረጉምልኝ አብራኝ ነበረች። ጠበቃው እስክሪብቶ አቀብሎኝ፣ «እዚህ የተጻፈው እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የኔነሽ ተርጉማ ሳትጨርስ እስክሪብቶውን መለስኩለት።

ጋሼ፣ ቢቆጡም ቢለምኑም አልፈርምም።

ያን ቀን እርስዎ መድኃኒት ሊገዙ ወልቂጤ ወርደው ነበር፤ አባባ ራስጌ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። ዳሞነቱ ለማን እንዲሆን እንደሚሹ ብጠይቃቸው፣ «የኔ ላም መሰለሽ እንዴ ለልጅ የማወርሰው? የሰጠኝ ጎሳው ነው፤ ጎሳው ለፈለገው ይስጥ» አሉኝ። የርስዎንም ስም አልጠሩም፣ በዳሞነቱ የሚሟገትዎትን የአጎታችንን ልጅ የሙኽታርንም አልጠሩም።

ሽማግሌዎቹ ለሙኽታር ያደላሉ፣ ዳኛው ግን በሕግ ይፈርዳል ብለው ጽፈውልኛል። ዳኛው በመሬትና በቤት ይፍረድ፤ የተማረ ሰው ነው፣ ማኅተምም አለው። ነገር ግን ማኅተም ያስቀመጠውን ዳሞ ማን ብድግ ብሎ ይቀበለዋል? ነገ ሁለት ጎረቤታሞች በእንሰት ማሳ ድንበር ቢፋጁ፣ የማንን ቃል ፈርተው ይታረቃሉ? ሽማግሌዎቹን ካላመኑ ከሌላ ጎሳ ሽማግሌ ይጨመርልኝ ይበሉ። አባባም ስንት ጊዜ እንዲህ ሲያደርጉ አይተናል።

የሽማግሌዎቹን ሸንጎ ስለምወድ እንዳይመስልዎ። ልጅ ሳለሁ እናታችን አቤቱታ ይዛ፣ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት በመንደራችን ሰፊ የሣር መንገድ፣ በጀፎሮው ላይ ብትቆም፣ «ሴት በወንድ አፍ ትናገር» ብለው መለሷት። ቀሚሷን ይዤ አብሬያት የተመለስኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አባባ ያሉትን በገዛ ድምፄ በካሴት ቀድቼ ለሸንጎው ልኬያለሁ። ስካርቦሮ የሚኖረው ያገራችን ሰው ጥሩነህ ባለፈው ሐሙስ ይዞት ተሳፍሯል፤ በእጁ ያደርስልኛል። ሴት አንሰማም ካሉ፣ ሕዝብ እያየ ጆሯቸውን ይድፈኑ። ለርስዎም ቅጂ ሰጥቼዋለሁ፤ ከጀርባዎ ያደረግሁት ነገር የለም።

የኔነሽ «ወንድምሽ ይቀየምሻል» ብላኛለች። ይቀየሙኝ። ሸንጎው ለርስዎ ከፈረደ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ በኔ የሐሰት መሐላ ግን ዳሞ አይሆኑም።

የእናታችንን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ የካሴቱን ነገር ከሌላ ሰው ሳትሰማ እርስዎ ይንገሯት። ለባለቤትዎ ለኢብቲሳም፣ ለልጆቹ በሙሉ፣ ከጓሮ ላሉት ለእትዬ ጠጂቱ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ለሙኽታርም ሰላም ይበሉልኝ። ፍርድ ቤት ቢቆሙበትም የአጎታችን ልጅ ነው።

እህትዎ መኪያ
ክሬሰንት ታውን፣ ቶሮንቶ
ኅዳር 12 ቀን 1989 ዓ.ም.