ሰምቶ ፈገግ ስላለው ሠራተኛ

ለተከበሩ የቀስት አደን አስተናጋጅ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ዙሪክ

ጉዳዩ፦ ፊርማዬን ስለ ማንሳት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ መግቢያ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ገቢ ወጪውን በመስታወት ዓይናቸው ለሚመለከቱት እንስሳት ጭምር የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለፈው ጊዜ ወገብዎን እንደሚያምዎ ነግረውኝ ስለነበር፣ ተሽሎዎት ከሆነ ከልብ ደስ ይለኛል፤ ዳሌው የተሰበረ ሰው በየሳምንቱ ስለምጠይቅ በእንደዚህ ያለው ሕመም የማይቀለድ መሆኑን ተምሬያለሁ።

ራሄል ከተማ እባላለሁ። ስሜ ካልመጣልዎ፣ እንግዶችዎን ከዙሪክ ተቀብዬ፣ ጄኔቫን አሳልፌ እስከ እርሻው በቫን የማደርሰው፣ ምሳቸውን የማሞቀውና ደም የነካውን ልብሳቸውን አጥቤ የምመልሰው ሴት ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ በመጻፌ፣ በማኅበረሰባችን ድረ ገጽም ሰው ሁሉ እንዲያነበው በማውጣቴ ቅር እንዳይሰኙብኝ እለምናለሁ። ጀርመንኛ አቅቶኝ አይደለም። ድርጅትዎ ባቀረበው የአደጋ ሪፖርት ላይ፣ አንድ ነገር በአማርኛ ከተነገረ እንደ ተሰማና እንደ ገባ ይቆጠራል የሚል እጅግ ምቹ አሠራር ስላየሁ፣ እኔም በዚሁ አሠራር ልጠቀም ብዬ ነው። እነሆ በግልጽ ነገርኩዎ፤ ከእንግዲህ አልሰማሁም ሊሉኝ አይችሉም።

የምጽፍልዎ ስለ ሙሉነህ አበጀ ነው። ሙሉነህ በጄኔቫ፣ ሻትሌን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ በእርሻዎ ላይ ስምንት ወር ሙሉ ለቢዞኖቹ ድርቆሽ ሲያድል፣ አጥር ሲጠግንና የተገደለውን እንስሳ በትራክተር ሲጎትት የቆየ የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነው። አሁን ዳሌው በብረት ተያይዞ ጄኔቫ ሆስፒታል ተኝቷል። የሥራ ውሉ በወሩ መጨረሻ ያበቃል፤ ድርጅትዎም «የደኅንነት መመሪያ በመጣሱ» ውሉ እንደማይታደስለት አስቀድሞ ጽፎለታል። ውል ከሌለው ደግሞ ባለቤቱ ሐረገወይንና የሰባት ዓመቷ ልጃቸው ያኔት ከደሴ መጥተው አብረውት እንዲኖሩ ያስገባውና ሦስት ዓመት የጠበቀው ማመልከቻ ይዘጋል። ስለዚህ በመካከላችን ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ሙሉነህ ማስጠንቀቂያ ሰምቶ ናቀ ወይስ አልናቀም? ናቀ በሚለው ወረቀት ግርጌ የምስክር ፊርማ አለ። ፊርማው የእኔ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ብዙ ስለሆነ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩. ስለ ሕግ አክባሪነትዎ አመሰግናለሁ። በስዊዘርላንድ በቀስት ማደን ክልክል በመሆኑ ሌላ ሰው ቢሆን ሐሳቡን ይተወው ነበር፤ እርስዎ ግን ሕጉን ሳይነኩ እንግዶቹን ብቻ ድንበር አሻግረው፣ ፈረንሳይ በኩል በሚገኘው የግል እርሻዎ ውስጥ ፍላጎታቸውን አሟሉላቸው። ስለ አደኑ ጀግንነትም ሳልናገር ባልፍ ያስወቅሰኛል። ቢዞን ትከሻው የሰው ቁመት የሚያህል፣ ፊቱን ጎፈሬ የሸፈነው አስፈሪ የዱር በሬ ነው፤ የእርስዎዎቹ ግን የሙሉነህን ትራክተር ድምፅ ሲሰሙ ለቁርስ የሚሰለፉ ናቸው። እንግዳው ፊቱን ጥቁርና አረንጓዴ ተቀብቶ፣ ቅጠል መሳይ ልብስ ለብሶ፣ ማማው ላይ ትንፋሹን ውጦ ይደበቃል፤ ከሃያ ሜትር ላይ ሙሉነህ ድርቆሽ ይበትናል። የለመደውን ሊበላ የመጣው እንስሳ ጎኑ ላይ ፍላጻ ይሰካበታል። ከዚያ እንግዳው ከተፈጥሮ ጋር አንድ ሆንኩ ብሎ ያለቅሳል፤ እኔ መሐረብ አቀብላለሁ። ሙሉነህ ግን በእነዚያ ጊዜያት ወደ ትራክተሩ ዞሮ ሞተሩን የሚመረምር ይመስል ነበር፤ በስም የሚያውቃቸው እንስሳት እንደነበሩ የነገረኝ ዘግይቶ ነው።

፪. ለቋንቋችን ስለ ሰጡት ክብር አመሰግናለሁ። የደኅንነት መመሪያው በሠራተኞቹ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ኢንሹራንሱ በጠየቀ ጊዜ፣ አፎልተርን ባለችው ትንሽ ጉባኤያችን የእሑድ ስብከት እንደምተረጉም ሰምተው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። አንቀጽ አራት፣ የቆሰለ ቢዞን ሲመጣ ያየ ሰው የእንስሳውን ስም ጮክ ብሎ ይጥራ ይላል። እዚህ ላይ ኩራት ያዘኝ። ሥራ ላይ ስንነጋገር ሁላችንም ቢዞን ነው የምንለው፤ በጽሑፍ ግን ንጹሕ አማርኛ ይሁን ብዬ፣ መዝገበ ቃላት አገላብጬ፣ «ጎሽ ብሎ ይጩህ» ብዬ ጻፍኩ። ስብከት ስተረጉም አፌ የሚለውን ጆሮዬ ይሰማዋል፤ ይህን ግን በዝምታ ጻፍኩት፣ በዝምታም አስረከብኩት። እርስዎ የማያነቡትን ወረቀት አመስግነው ተቀበሉኝ። ሙሉነህም ሥራ በጀመረበት ቀን ከሌሎች አሥራ አንድ ወረቀቶች ጋር፣ በቆመበት፣ ፈረመበት። የትርጉሙ ጥፋት የእኔ ነው፤ በማንም ላይ አላላክከውም።

፫. ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። መመሪያዎ ፍላጻ የገባበት እንስሳ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ማንም እንዳይጠጋው ያዛል። አደጋው በደረሰበት ማክሰኞ የመጡት እንግዳ ግን የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ ዙሪክ ላይ ታካሚ ይጠብቃቸው ነበር። ከአንድ ኮርማ ቢዞን ትከሻ ኋላ መግባት የነበረበት ፍላጻቸው ሆዱ ላይ ገባ፤ ኮርማውም እየተንገዳገደ ከድርቆሹ ክምር ጀርባ ተሰወረ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አደን መሪዎ ሙሉነህን የውስጠኛውን የብረት በር እንዲከፍት አዘዘው። ያ በር ከክረምቱ ጀምሮ ተጣሞ አልከፈት ያለ፣ ሙሉነህም እንዲጠገን ሦስት ጊዜ ያመለከተበት ነው። ረዳት አልተሰጠውም። ብቻውን ታገለው፤ ጎትቶ አልሆን ሲለው በትከሻው ገፋው፤ በመጨረሻ ከፈተው። ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የቫኗ መወጣጫ ላይ ቆሜ ነበር፤ ኮርማው ከክምሩ ጀርባ ሲወጣ ያየሁት በዚያች ደቂቃ ነው።

ጮህኩ። ከአፌ የወጣው ቢዞን አልነበረም፤ ሽሽም፣ ሩጥም አልነበረም። በገዛ እጄ የጻፍኩት፣ ከመመሪያው ጋር ፍጹም የሚስማማው ቃል ነበር። ጎሽ አልኩት። ደግሜ ጎሽ አልኩት። ክቡርነትዎ ስለማያውቁት ላስረዳዎ፤ ይህ ቃል በመዝገበ ቃላት የእንስሳ ስም ነው፣ በሰው አፍ ግን ሕፃን ልጅ ቆሞ ሲሄድ፣ ተማሪ ሲያልፍ፣ ሠራተኛ የከበደውን ሥራ ሲወጣ የሚባል ምስጋና ነው። ሙሉነህም የከበደውን በር ብቻውን የከፈተ ሰው ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ፈገግ አለልኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ራሄል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ኮርማው ያደረገው በሪፖርትዎ ላይ በሚገባ ስለ ተገለጸ አልደግመውም።

፬. ስለ ሪፖርትዎ ጥራት አመሰግናለሁ። በሦስተኛው ቀን ቢሮ ሲያስጠሩኝ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ራስዎ መጥተው ተቀበሉኝ፤ ይህን ክብር ከዚያ በፊት አላየሁትም፣ ከዚያ ወዲህም አላየሁትም። የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ መጮኼንና በምን ቋንቋ እንደ ጮህኩ። ምን ብዬ እንደ ጮህኩ አልጠየቁኝም። ወረቀቱ ግን ተዘጋጅቶ ነበር፤ «ሠራተኛው በአንቀጽ አራት መሠረት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ ሁለት ጊዜ በግልጽ ተጠርቶ ሰምቷል። ሆኖም ማስጠንቀቂያውን በፈገግታ አልፎታል» ይላል። አንድ በአንድ ቢመረመር ሐሰት የሚባል ቃል የለበትም፤ ሁለት ጊዜ ጠርቼዋለሁ፣ ሰምቷል፣ ፈገግ ብሏል። እውነት እንዲህ ተሰልፎ ሲዋሽ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ አደነቅኩ፤ ፈረምኩም።

ስለምን ፈረምሽ ቢሉኝ፣ ፈርቼ ነው። ሥራዬን ፈርቼ ነበር፣ አልክድም። ከዚያ ይልቅ ግን የዚያን ቃል ትርጉም ከተናገርኩ፣ የሰው ዳሌ የሰበርኩት እኔ ነኝ ብዬ መናገር ስለ መሰለኝ ነው። ስድስት እሑድ ሙሉ መድረክ ላይ ቆሜ ስለ እውነት የተሰበከውን ተርጉሜያለሁ፤ አንዱም ለራሴ አልተተረጎመልኝም።

፭. የኮርማውን ቀንድ ለጥርስ ሐኪሙ «ለተሳካ አደን» ከሚል ካርድ ጋር ስለ ላኩላቸው አመሰግናለሁ። ያደረስኩት እኔ ነኝ። ስለ ሙሉነህ አልጠየቁኝም፤ ቀንዱ ላይ የቀረ ደም እንዳለ ግን ጠይቀውኛል።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ የተነሣ ፊርማዬን አንስቻለሁ። ጉዳዩን ለያዘው መርማሪ በጀርመንኛም በፈረንሳይኛም ጽፌ አስገብቻለሁ። የጮህኩት ቃል በሰው አፍ ምን ማለት እንደሆነ፣ መመሪያው ላይ ማን እንዳስገባው፣ ሙሉነህ ስለ በሩ ስንት ጊዜ እንዳመለከተ፣ አንድ ሰዓት መጠበቅ ሲገባ ስንት ደቂቃ እንደ ተጠበቀ፣ አንድም ሳላስቀር ገልጫለሁ። ሙሉነህ ማስጠንቀቂያ አልናቀም። ሲያመሰግኑት እንዲያመሰግን ተደርጎ ያደገ ሰው ነው፤ ያደረገውም ይህንኑ ነው። በወረቀትዎ ላይ ጥፋተኛ የሚሆን የአገራችን ሰው የግድ ካስፈለገዎ የእኔን ስም ያስገቡ፤ ሙሉነህን ግን ከዚያ ወረቀት ላይ ያውጡልኝ፣ ውሉንም ያድሱለት። ሐረገወይን ትምጣ። ያኔት አባቷ በክራንችም ቢሆን ቆሞ ሲሄድ ትየው።

ከሥራ እንደሚያሰናብቱኝ አውቃለሁ፤ ስንብቱን የሚጽፉልኝ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን እንደ ሰማሁና እንደ ገባኝ እንዲቆጠር አስቀድሜ ፈቅጃለሁ። ለአደንዎ መሳካት፣ ለእንግዶችዎ እንባ፣ ለግድግዳዎ መሙላትና ለወገብዎ ጤና ሳላቋርጥ እየጸለይኩ፣ ሁለት ጊዜ የምትጮኽ፣ አንድ ጊዜ የምትፈርምና ዘግይታ የምታስብ፣

ታማኝ አገልጋይዎ
ራሄል ከተማ
አፎልተርን፣ ዙሪክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ቅዳሜ በባቡር ጄኔቫ ወርጄ ለሙሉነህ ለራሱ ነገርኩት። ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው በሩን መክፈቱንና እኔ ጎሽ ማለቴን ብቻ ነው፤ ይህንንም ለሐረገወይን በስልክ ደጋግሞ አውርቶላት ኖሯል። የጮህኩት ላመሰግነው ሳይሆን እንዲሸሽ እንደ ነበር አስረዳሁት። አልተቆጣኝም። «ታዲያ በስምንት ወር ውስጥ ያመሰገነኝ ሰው የለም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ከእኔ ሥልጣን በላይ ስለሆነ ጥያቄውን ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ። በሽተኛ መጠየቂያው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ አስተርጓሚ ካስፈለገዎ ግን ሌላ ሰው ይፈልጉ።