በፖስታ ፉርጎ የቀሩት ደብዳቤዎች

ልጄ ኤሌኒ፣

ማርሴይ ድረስ የእናትሽ ምርቃት ይከተልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ ብቻ በረታብን። የምጽፍልሽ እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 ሰፈር፣ ጎረቤታችን ከነበረችው ከነጃት ቤት ሆኜ ነው።

አባትሽ በድሮው ባቡር የፖስታ ፉርጎ ውስጥ ደብዳቤ እየለየ ከድሬዳዋ ጅቡቲ ይመላለስ እንደነበር ታውቂያለሽ። ባለፈው ሳምንት አሮጌ ሳጥኑን ሳጸዳ፣ እናቴ ከድሬዳዋ የላከችልኝን ዐሥራ አንድ ደብዳቤ አገኘሁ። አንዱም አልተከፈተም። የመጨረሻውን ስከፍተው፣ "ታምሜያለሁ፣ ዓይንሽን ልየው" ይላል። እኔ ያለ ፈቃዷ ስላገባሁ የተወችኝ መስሎኝ ነበር። መሞቷንም ከተቀበረች በኋላ ከሰው ነው የሰማሁት።

"ገለታ፣ ምን በድዬህ ነው?" አልኩት።

"ከሄድሽ የምትመለሺ አልመስለኝ ብሎ ነው" አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

የአገር ሰው ደብዳቤ በእጁ እያለፈ ሲደርስ የኔን ብቻ አስቀረው። የዚያኑ ቀን ልብሴን ይዤ ወጣሁ።

"አስታርቂን" ብሎ ይደውልልሻል። እሺ እንዳትይው። ግን አባትሽ ነውና ስልኩን አንሺለት፤ የግፊት መድኃኒቱን መዋጡንም ጠይቂልኝ። እኔ እንደላክሁሽ ግን አትንገሪው።

የወለድሽው ይባረክልሽ፣ ልጄ።

እናትሽ ሻሼ