አራተኛው ጥያቄ

ይድረስ ለአባዬ፤

እንደምን ሰነበትክ? የእማዬስ ወገብ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የኦፕራሲዮኑ ቦታ ይጠዘጥዛታል ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ስፌት መኪናው ላይ ረጅም ሰዓት እንዳትቀመጥ ተቆጣልኝ። እኔን ጭራሽ አትሰማኝም፤ አንተን ቢያንስ የሰማች ትመስላለች። እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ መጻፍ እንዳለብኝ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገርህና ከንዴት በስተቀር ደህና ነኝ። አልከሳሁም፣ አላመመኝም፣ ምሳ ሰልፍ ላይም ማንም አይቀድመኝም። ንዴቱ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

መደወል እየቻለች ምን ደብዳቤ ያስጽፋታል ትል ይሆናል። ስልክ ላይ ድምፅህን ስሰማ የልቤን ትቼ ስለ አየሩ ማውራት እጀምራለሁ። ባለፈው እሑድ ያደረግሁት እንደዚያ ነው። ደግሞ ይሄን ደብዳቤ እንደ ልማድህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ለእማዬ እንዳታነብላት። መጀመሪያ ለብቻህ አንብበው። ከዚያ እየዘለልክ ታነብላታለህ፤ የቱን እንደምትዘል አንተ ታውቃለህ።

ነገሩ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ነው። አልገባሁም። ከታች ከመድረስህ በፊት ይሄን እወቀው ብዬ ነው።

ከእኛ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ጨርሼ ወደዚህ ስዛወር ዩኒቨርሲቲ መግባትና ኢኮኖሚክስ መግባት አንድ መስሎኝ ነበር። ለካስ ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው። እዚሁ ለጀመሩት ተማሪዎች ስልሳ ቦታ አለ፤ ለእኛ ለተዛወርነው ስድስት። አርባ አንድ ሆነን አመለከትን። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። በሩ ላይ አንድ እግሩ ተሰብሮ በአሮጌ መጻሕፍት የተደገፈ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ወንበር ላይ ስንት ቀን እንደተቀመጥኩ ብነግርህ ትምህርት ትታለች ብለህ ትደነግጣለህ። የክፍሉን ጸሐፊ ወይዘሮ ነገ እንላታለን። ምን ብትጠይቃት ነገ ነው። ማኅተሙ ነገ፣ ሰብሳቢዋ የሚገቡት ነገ፣ የጠፋው ፋይሌ የሚገኘው ነገ። ፋይሌን ሁለት ጊዜ ጥላዋለች። በሁለተኛው ጊዜ የአበባ ማሰሮ ሥር ተነጥፎ አገኘሁት፤ አንዱ ጠርዝ እስካሁን እንደራሰ ነው።

እያንዳንዱ ኮርስ ውስጥ ምን ምን ምዕራፍ እንደተማርን በዝርዝር የሚያሳይ ወረቀት አምጡ አሉን። ሌሎቹን መምህራን ስለምን ጨጓራዬ ተልጧል። የአንተ የሒሳብ ኮርስ ብቻ፣ ሳምንቱ፣ ምዕራፉ፣ የቤት ሥራው ሳይቀር ተጽፎ በመጀመሪያው ቀን እጄ ላይ ነበር። ለአንድ ሰሞን ኮራሁብህ። ከዚያ ወይዘሮ ነገ ሳታስበው የተራ ዝርዝሩን ጠረጴዛዋ ላይ ገልጣ ትታው ሄደች። ሰባተኛ ነበርኩ። የሒሳብ ውጤት እጥፍ ነው የሚቆጠረው። አንተ የሰጠኸኝ ያ ቢ፣ ኤ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛ ነኝ። ቁጭ ብዬ ደምሬዋለሁ።

አባዬ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንተ ላይ ስንት ነገር እንደተናገርኩ ልናዘዝ። ሎተሪን ታስታውሰዋለህ፤ መልስ በግምት አክብቦ ሁልጊዜ የሚያገኘውን። ያን ሎተሪ የኛው ምግብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ምዕራፍ በምዕራፍ ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ሻይ የምታመጣልን አንተ ነበርክ። እሱ ኤ አገኘ፤ እኔ ቢ። እራት ላይ ለምን ብዬ ስጠይቅህ ማንኪያህን አስቀምጠህ፣ ቢ ጥሩ ውጤት ነው አልከኝ። በቃ። ዳግመኛ አላነሳነውም። እኔ ግን በሆዴ ይዤው ነበር። ለልጁ አደላ እንዳይሉት የራሴን ነጥብ ነፈገኝ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀየምኩህ። ዶርም ውስጥ አምስቱም ልጆች ያውቁታል። አባትሽ ያ ንፉጉ መምህር እንዴት ነው ብለው ነው ስለ አንተ የሚጠይቁኝ። ይቅርታ።

የቃለ መጠይቁ ቀን ሦስት ሆነው ጠበቁኝ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ትራንስክሪፕቴን አዩ፤ ያንተን የኮርስ ዝርዝር አዩ። ከዚያ አንዱን ጣታቸውን የእኔ ስም ላይ፣ ሌላውን የመምህሩ ስም ላይ አድርገው ቀና አሉ። ከስሜ ቀጥሎ ያለው ስም የመምህሬ ስም መሆኑን እኔ ልማድ ሆኖብኝ አስቤው አላውቅም። ዝምድና አላችሁ ወይ አሉኝ። አባቴ ነው አልኳቸው። በስተቀኝ የተቀመጠው ቀጭን ወጣት መምህር እስክሪብቶውን ማንከባለል አቆመ። ሰብሳቢዋ ክፉ አልተናገሩም። አባትሽን ማንም አልጠረጠረም፤ ግን አባት ለልጁ የሰጠውን ውጤት ኮሚቴው ለብቻው ሊቆጥር አይችልም፤ የፋይናል ፈተናው ወረቀት ከነማኅተሙ ይምጣና ከእኛ አንዱ ይረመው አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር። እኔ ደስ አለኝ! በስንት ጊዜዬ ባዳ ሰው ወረቀቴን ሊያይልኝ ነው። አፌን ሞልቼ፣ አባቴ አንዲት ነጥብ አልጨመረልኝም፣ እንዲያውም ቀንሶብኛል፣ ይታረምልኝ አልኳቸው። ቀጭኑ መምህር ፈገግ አለ። አሁን ሳስበው ፊቴን የት ልክተተው እላለሁ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ጠፋ። ማመልከቻው ሊዘጋ ነው፣ ወረቀቱ የለም። ደሜ ፈልቶ ያን መልእክት ላክሁልህ፤ የሌላ ሰው ልጅ ብሆን በቀኑ ትልከው ነበር ያልኩህን። አስረክቤያለሁ ብለህ ብቻ መለስክልኝ። አላመንኩህም። ፖስታው ሲደርስ ግን የኮሌጁ ሬጅስትራር ደብዳቤ አብሮት ነበር፤ ቀኑ ተጽፎበታል። በተጠየቅህ ማግስት አስረክበሃል። ያዘገየው እሱ ነው። ወረቀቱ ጠፋ ማለት ትችል ነበር፤ ማንም አይጠይቅህም ነበር። እንዳለ ነው የላክኸው።

ሐሙስ ከሰዓት ቀጭኑ መምህር ጠራኝ። ቢሮው ቁም ሣጥን ያክላል፤ ሁለት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተጋፍጠው፣ መስኮቱ ግድግዳ ያያል። በሩን ክፍት ተወው። ወረቀቱን ወደኔ አዞረና የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጥያቄዎች ንጹሕ ናቸው፣ አምስተኛውም ደህና ነው አለኝ። ከዚያ ገጹን ገለጠው።

አራተኛው ጥያቄ ባለው የተወሰነ ጉልበትና ማሽን አንድ ፋብሪካ ከሁሉ የበለጠ የሚያመርትበትን መጠን ፈልጉ የሚለው ነው። ከሥሩ ሁለት መስመር ጽፌያለሁ። ሁለተኛው መስመር መሐል ላይ ጽሕፈቴ ወደ ታች ተንሸራቶ ይቆማል። ከዚያ በታች ግማሽ ገጽ ባዶ ነው። ከባዶው ጎን በቀይ እስክሪብቶ ሃያ ከሃያ ተጽፏል። ሁለት ቁጥርን አንገቷን ሰበር አድርገህ የምትጽፋት አንተ ብቻ ነህ።

ሠርቼዋለሁ ብዬ እምል ነበር አባዬ። ሙሉውን እንደሠራሁት አድርጌ ነበር የማስታውሰው። እዚያው ቢሮው ውስጥ ተቀምጬ ቀኑን መልሼ ሳስበው ነው የመጣልኝ። የእማዬ ኦፕራሲዮን ሰሞን ነበር። አንተ ፈተና ጥለህ መምጣት ስለማትችል አስራ አንዱንም ቀን ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ፈተናው ጧት ሁለት ሰዓት ነበር፤ ከሆስፒታል በቀጥታ ነው የገባሁት፤ የአስታማሚ ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነበር። መሐል ላይ አንድ ጊዜ ቀና ስል አጠገቤ ያለውን መስኮት ድምፅ ሳታሰማ ስትዘጋ አየሁህ። ውጭ ሣር ያጭዱ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጊዜው አልቋል ተባለ።

ያለዚያ ሃያ ነጥብ የኮርሱ ጠቅላላ ድምሬ ስልሳ አንድ ነው። ሲ።

ቀጭኑ መምህር ምንም አልጠየቀኝም። ያለብኝ አንድ መስመር መጻፍ ነው አለኝ። ያየሁትን ከጻፍኩ ኮሚቴው አባትሽ የሰጡትን ውጤት ሁሉ ወደ ጎን ያደርገዋል፤ ከእናንተ ኮሌጅ ያመለከቱ ሌሎች ሦስት ተማሪዎች አሉ፤ የእነሱም ወረቀት እስኪመጣ ጊዜው ያልፋል አለኝ። ያንቺ ማመልከቻ ከሌለ ደግሞ እኔ የምጽፈው ነገር የለም፤ ፖስታው ወደመጣበት ይመለሳል አለኝ። ይሄን ብሎ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወጣ። ወረቀቴና ሰማያዊ እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ቀሩ፤ ግማሽ ገጹም ባዶ ነበር። አልዋሽህም፣ እስክሪብቶውን አይቼዋለሁ። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ።

ሲመለስ አመስግኜው ወይዘሮ ነገ ዘንድ ሄድኩ። ማመልከቻዬን ላነሳ ነው አልኳት። ነገ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ከመሳቢያዋ ፎርም መዝዛ እዚህ ጋ ፈርሚ አለችኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ የግል ጉዳይ ብዬ ጻፍኩ።

ዝርዝሩ ማክሰኞ ተለጠፈ። ስድስተኛው ሎተሪ ነው። ከኛ ልጆች ሌላ አንዲት ልጅም ገብታለች። ሎተሪ ግቢው መሐል አቅፎ አነሳኝ፤ አንቺስ ለምን ተውሽው ብሎ አደረቀኝ። ሐሳቤን ቀየርኩ አልኩት። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ይዞ አስረጂኝ ብሎ መጣ። አስረዳሁት፤ ምን ላድርግ፣ ደስ የሚል ጥያቄ ነበር። ከሄደ በኋላ ደብተሬን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት።

አሁን በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። በአንተ መናደድ ለምጄ ነበር፤ ይመቸኝም ነበር። ያን ሲ ሰጥተኸኝ ቢሆን በእረፍቱ ወራት ደግሜ ወስጄ፣ ዛሬ ዝርዝሩ ላይ ነበርኩ። አዝነህልኝ ይሆናል፤ ግን ስታዝንልኝ አልጠየቅኸኝም። ንፉግ ስልህ ዝም አልክ፣ ስቀየምህ ዝም አልክ፣ ያን ክፉ መልእክት ስልክልህ እንኳ ዝም አልክ። ዝምታህ ነው ከሁሉም ያናደደኝ። ቀጥሎ ያናደደኝ ደግሞ፣ ያን ወረቀት ካየሁ ወዲህ አንተን መቀየም አለመቻሌ ነው። ስሞክር መስኮቱን ስትዘጋ ትታየኛለህ።

አንድ ነገር አደራ። አውቅሃለሁ፤ ይሄን አንብበህ ስትጨርስ ለሰብሳቢዋ ልጽፍ ትላለህ። እንዳትጽፍ። ፖስታው እንደገና ታሽጎ ተመልሷል፤ ለልጆቹም ቦታቸው አይነካባቸው። እኔ የሒሳቡን ኮርስ እዚህ ከአንደኛ ዓመቶች ጋር እንደገና ተመዝግቤያለሁ። ለተዛወረ ተማሪ አንድ ተጨማሪ ዕድል አለ፤ በሚመጣው ዓመት እሞክራለሁ። ሰኞ ጀመርን። መምህሩ ያ ቀጭኑ ነው። ስሜን ሲጠራ እንደማያውቀኝ ሆኖ አለፈኝ፤ ወደድኩት።

እማዬን ሳምልኝ፤ መቀሷን ስታጣ ሁልጊዜ ትራስ ሥር እንደሆነች ንገራት። ጤናችሁን አይንሳችሁ። ዓይንህን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፣ ገና ብዙ ወረቀት የሚያይ ዓይን ነው። እርስ በርስ ተጠባበቁልኝ።

ከዚህ ጋር አብሮ የታጠፈ አንድ ወረቀት አለ። ትናንት ጠግቤ ተኝቼ፣ ረፋዱ ላይ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ፣ ማንም ሳይረዳኝ ያን አራተኛ ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሠራሁት። መሐል ላይ አንድ ምልክት የሳትኩ ይመስለኛል። አርመህ መልስልኝ። የሳትኩት ካለ ቀንስብኝ አባዬ፤ ሳትራራ ቀንስብኝ።

ልጅህ