ሙሉ ዘገባውን በድረ ገጻችን ያንብቡ

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ኢንተርኔት ከጠዋት ጀምሮ ተቋርጧል። በመላው ከተማ። ስልክ ይደወላል፤ ሌላው የለም።

የኮሙኒኬሽን ቢሮው ኃላፊ ጋ ደወልኩ። «የተሳሳተ ወሬ እንዳይሰራጭ ነው» አለ። ገበያው ከቦታው ይነሳል የሚል ወሬ ነበር። መቼ ይመለሳል? «በቅርቡ።» ጻፍኩት። በቅርቡ...

ምሳ ሰዓት ላይ፣ በወሬው መሠረት፣ መናኸሪያውም ተነሳ። ማምሻውን ሆስፒታሉ ተጨመረ። እንዲህ የሮጠ ወሬ አላየሁም።

ቤት ስገባ ባለቤቴና እህቷ የስፌት መኪናው ፊት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ውጭ አገር ያለ አንድ ነጋዴ የሚሰፉትን የተማሪ ቦርሳ ናሙና ፎቶ ይጠብቃል። ከወደደው የዓመቱን ሥራ ይሰጣቸዋል። ለሰፈሩ ሰፊዎች ሁሉ የሚበቃ ሥራ ነው።

«ጋዜጠኛ ነኝ ትል የለ? ጻፋ!» አለችኝ ባለቤቴ።

«እየጻፍኩ ነው።»

«ለነጋዴው ማለቴ ነው። በምን እንደምትልከው አያለሁ።»

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ባለቤቴ ስልኳን ለአውቶቡስ ሹፌር ሰጠችው። ጎረቤት ከተማ ኔትወርክ አለ። እዚያ ሲደርስ ፎቶውን ይልካል፣ መልስ ይዞ ይመጣል። የሰፈራችን ፋርማሲስት ስልክም፣ የአንዲት መምህር ስልክም አብሮ ተሳፍሯል። አንድ ዘንቢል ሙሉ ስልክ! ባለቤቶቹ ቀርተው ስልኮቹ ጉዞ ወጡ።

ጋዜጣችን ቢሮ የጥሪ ወረቀት መጣ፣ በሞተረኛ። «ኢንተርኔት ለዓለም ልማት» የተባለ ስብሰባ፣ ማክሰኞ፣ የከተማው ምክር ቤት አዳራሽ። ከግርጌው፦ «መገኘትዎን በኢሜይል ያረጋግጡ።»

ሞተረኛውን «በምን ላረጋግጥ?» አልኩት።

«ለኔ ይንገሩ። ኢሜይሉ እኔ ነኝ።»

ዘገባውን ጨረስኩ። መድኃኒት ማዘዝ ያቃተው ፋርማሲስት፣ ፈተና ማውረድ ያልቻለችው መምህር... የባለቤቴን አላስገባሁም። የራሴን ቤት አልዘግብም። ነገርኳት። አኮረፈች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ሹፌሩ ተመለሰ። ፎቶው ደርሷል። ሹፌሩ ካሜራውን ሲሞክር ያነሳው የራሱ ፎቶም አብሮ ደርሷል። የነጋዴው መልስ፦ «ቦርሳው ጥሩ ነው። ሰውየው ማነው?»

እህቷ በሳቅ ፍርስ አለች። እኔም። ከሥር ግን ሌላ ነገር ነበረው፦ «ስትጠፉብኝ ሌላ መፈለግ ጀምሬ ነበር። እንዲህ የሚደጋገም ከሆነ የዓመቱን ሥራ ልሰጣችሁ አልችልም። እንደማይደገም አረጋግጡልኝ።»

ባለቤቴ ስልኩን አስቀመጠችው። «ምን ብዬ ላረጋግጥለት? የማጠፋው እኔ ነኝ?»



ዓርብ፣ ኅዳር 6

ጋዜጣው ወጣ። ፊት ገጽ ላይ፣ በትልቁ፦ «ከተማው ያለ ኢንተርኔት አምስተኛ ቀኑን ያዘ»።

ጎረቤቴ ጡረተኛው ዳኛ ጋዜጣውን እያውለበለቡ ቢሮ ገቡ። «አንተ ሰው፣ ትቀልድብኛለህ?» ጣታቸውን ከዘገባው ግርጌ አሳረፉ።

«ሙሉ ዘገባውን በድረ ገጻችን ያንብቡ።»

ወይ ጉድ! ገጽ አቀናባሪያችን ቦታ ሲያጥረው ዘገባውን ይቆርጥና ይህችን መስመር ይለጥፋል። ለዓመታት እንዲሁ ነው። እኔም ገጹን አይቼ ፈርሜያለሁ። ዓይን ለምዷት አያያትም። ልጁን «ቀልጣፋው» ነው የምንለው፣ ቀልጣፋ ስላልሆነ።

«ቀልጣፋው!»

«አቤት ጋሼ።»

«ይህን አንብብ።»

አነበበ። ደግሞ አነበበ። «ታዲያ በየት ያነቡታል ጋሼ?»

«እኮ!»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ሙሉውን ዘገባ አትመን የጋዜጣው ቢሮ በር ላይ ለጠፍነው። ሌላ ምን ይደረጋል? ሰው ተሰበሰበ። ከፊት ያለው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከኋላ ያሉት «የኔስ ጉዳይ?» እያሉ ያቋርጡታል። ዳኛው ወንበር አስመጥተው ተቀመጡና ተራ ያስይዙ ጀመር። አመል ነው።

ባለቤቴ ከኋላ ብቅ አለች። «የኔን ቤቴ ያለው ጋዜጠኛ አልጻፈውም። እኔው ልናገረው።»

ተናገረች። የሹፌሩ ፎቶ ላይ ስትደርስ ሳቁ። የነጋዴው ማስጠንቀቂያ ላይ ከኋላ ያሉት ተጠጉ።

«ማክሰኞ ስብሰባው ላይ ይህንኑ ትናገሪያለሽ፣ ልጄ» አሉ ዳኛው። «ትእዛዝ ነው።»

«ጡረታ ወጥተዋል እኮ» አልኳቸው።

«ባለቤትህን አላዘዝኩም፣ አንተን ነው። ይዘሃት ትመጣለህ።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ስብሰባው። ግድግዳው ላይ የሚታየው ፊልም ከኢንተርኔት የሚመጣ ነበርና አልመጣም። ነጭ ግድግዳ እያየን ስለ ዓለም ልማት ሰማን።

ባለቤቴ እጇን አወጣች።

«ዓለም የምትሉት ለኔ አንድ ደንበኛ ነው። በሬ ድረስ መጣልኝ። መልስ ልሰጠው ስል አፌን ያዛችሁኝ። ልማቱ በየት በኩል ይግባ?»

የኮሙኒኬሽን ቢሮው ኃላፊ ያው ወሬ እንዳይሰራጭ መሆኑን አነሳ። ከወዲያ ጥግ ፋርማሲስቱ፦ «ሆስፒታሉ ተሸጧል እየተባለ ነው እኮ! እውነቱን የት ሄደን እንይ?»

ኃላፊው ራሱ ሳቀ። «እኔም ውጭ ያለችውን ልጄን ካየኋት ሰነበትኩ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ዳኛው ሐሳብ አቀረቡ፦ ኮሙኒኬሽን ቢሮው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ኢንተርኔት እንዳያስቋርጥ። ምክር ቤቱ ሐሳቡን በረቂቅነት ተቀበለ፤ በሳምንቱ ድምፅ ይሰጥበታል።

ስንመለስ ቤታችን በር ላይ ጠየቀችኝ፦ «ድምፄ ተንቀጥቅጧል?»

«ትንሽ።»

«ውሸታም። በጣም ነው።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኢንተርኔት ተመለሰ። የጋዜጣው ቢሮ ስልኮች በአንዴ ሲንጫጩ ቀልጣፋው ደንግጦ ተነሳ።

ባለቤቴ ለነጋዴው የሆነውን ሁሉ ጻፈችለት። ምሳ ሳንጨርስ መለሰ፦ «የምክር ቤታችሁን ውሳኔ እስክሰማ እጠብቃለሁ። ሹፌሩን ሰላም በሉልኝ።»

እህቷ ጨርቅ እየለካች ነው።

«ረቂቁ ካልጸደቀስ?» አልኳት።

«ከጸደቀስ?» አለችኝ ባለቤቴ።

የነገውን ዘገባ ጽፌያለሁ። ቤቴን አልዘግብም ያልኩት ሰውዬ የባለቤቴን ንግግር አስገባሁ፣ ሚስቴ መሆኗን ገልጬ። ቀልጣፋው ገጹን ይዞ መጣ። ዛሬ ከመለጠፉ በፊት ጠየቀ።

«ድረ ገጹ ሠርቷል ጋሼ። መስመሯን ልመልሳት?»

«ከምክር ቤቱ ድምፅ በኋላ ጠይቀኝ።»

«መቼ ነው?»

«ማክሰኞ፣ ኅዳር 17፣ ጠዋት።»