ድንች የምትልጠው ልጅ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ገበያው ቀዝቅዟል። ጠዋት አንድ ሰውዬ የቆርቆሮ ዋጋ ጠይቆ፣ አማትቦ ሄደ። ከጎኔ ካለው ባለ ሱቅ ከሰብስቤ ጋር ስንተራረብ ዋልን። ሌላ ምን ሥራ አለ? ልንዘጋ ስንል ጠጋ ብሎ፣ "ነገ ሽማግሌ እልክብሃለሁ፤ ውሻህን እሰር" አለኝ። ልጄን ናዝራዊትን ለልጁ ለዳንኤል ሊጠይቅ። ደስ አለኝ። ከዳንኤል የተሻለ ማን ይመጣል?

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አቶ ይገዙ ሁለት ሰው አስከትለው። "መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም" ብለው እንደ ደንቡ ቆሙ። እኔም እንደ ደንቡ፣ "ልጅቷን ላማክር፤ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ" አልኩ። ለወጉ ነው እንጂ ነገሩ ያለቀ ነው። ስሸኛቸው አቶ ይገዙን በዓይኔ ጠቀስኳቸው።

ማታ ነገርኳት። "ምን ይመስልሻል?" አልኳት። ሳህኑን አንስታ ገባች። አፍራ ይሆናል... ይሆን? እንዲህ ያለውን የምትጠይቃት እናቷ ነበረች። ባለቤቴ ወለተጻድቅ ካረፈች ወዲህ እዚህ ቤት የሆድ ነገር የሚጠይቅ የለም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

አሁንም መልስ የለም። "አፍ የለሽም?" ብዬ ጮህኩባት። ላፕቶፗን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

"አባዬ፣ መጀመሪያ ይሄን ፊልም እይልኝ።"

የፖላንድ ፊልም። ከድሮ ልብ ወለድ የተሠራ ነው አለች።

ኤጭ! ሁለት ሰዓት ሙሉ በረዶ። አንዲት የገጠር ልጅ ድንች ትልጣለች። ሊያገባት የሚፈልግ ሰው ይመጣል፤ ትልጣለች። አባቷ "ተስማምታለች" ይላል፤ ትልጣለች። መጨረሻ ላይ ጎማ በሌለው የበረዶ ጋሪ ይወስዷታል፤ ፊቷን ያሳዩናል፤ አለቀ። ደስ ብሏት ነው? ከፍቷት ነው?

"መጽሐፉስ ምን ይላል?"

"መጽሐፉ ወዳው ነበር ይላል። ፊልሙ ግን አይልም።"

"የቱን ልመን ታዲያ?"

"አንተስ ፊቷ ላይ ምን አየህ?"

"እኔ ቆርቆሮ ሻጭ ነኝ እንጂ ጠንቋይ ነኝ?" ብያት ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ሰብስቤ የድንኳን ኪራይ ማጠያየቅ ጀምሯል። ከአሁኑ! "አማቼ" ነው የሚለኝ። እስቃለሁ፤ ዋጋውን ግን አልጠየቅኩትም።

ያቺ ልጅ ደግሞ ከዓይኔ አልጠፋ አለች... የፖላንዷ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ሱቁን ቀደም ብዬ ዘግቼ ፊልሙን ደግሜ አየሁት። ብቻዬን፣ የሚተረጉምልኝ ሳይኖር። ቋንቋው አለመግባቱ ለካ ይሻላል፤ ዓይን ብቻ ነው የሚቀርህ።

ልጣጩ ሳይበጠስ እየተጠቀለለ ይወርዳል። አባትየው "ተስማምታለች" ሲል ተበጠሰ። ቢላዋው ቆመ። ከዚያ እንደገና ጀመረች። ማክሰኞ ይሄ ሲሆን የት ነበርኩ?

ሌላም አለ። አባትየው ሲናገር የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። ረጅም ጊዜ፣ ጀርባው። "ኧረ ዙር!" ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። አንዴም ዞሮ አላያት። የሠራው ሰው ጎበዝ ነው። ቢቸኩል ኖሮ ይሄ ሁሉ ያመልጠኝ ነበር።

እኔስ? እሑድ ማታ ስጠይቃት ዓይኔ ዜናው ላይ ነበር። ፈራሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24



መጡ። ቆሙ። አቶ ይገዙ መርቀው፣ "እንግዲህ መልሱን" አሉ። ናዝራዊትን ከጓዳ ጠራኋት። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"አቶ ወልደሰንበት፣ እኛ እኮ የምንጠብቀው የእርስዎን ቃል ነው።"

ዞርኩ። ፊቷን እያየሁ፣ "ልጄ፣ ዳንኤልን ታገቢያለሽ?" አልኳት።

ዝም። አንደኛው ሽማግሌ ጉልበታቸውን ያሻሉ። ውጪ የታክሲ ረዳት "ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!" ይላል።

"ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው" አሉ አቶ ይገዙ፣ ወንበሩን እየሳቡ።

"አይደለም" አልኩ። "ዝም ማለቷ ነው። ትንሽ ይታገሡን።"

ዓይኔን ከፊቷ አላነሳሁም። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ... ይሄ እፍረት አይደለም። ፍርሃት ነው። እኔን ነው የምትፈራው!

"አይዞሽ" አልኳት።

"አልፈልግም" አለች። "ዳንኤል ጥሩ ሰው ነው። እኔ ግን አላገባውም።"

"ሰምታችኋል" አልኩ። ሳይቀመጡ ወጡ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሰብስቤ ሱቁን ሲከፍት ቀና ብሎም አላየኝ። ከሰዓት በኋላ ግን መጣ። "ሴት ልጅ አደባባይ አውጥተህ አዋረድከኝ" አለኝ። ምሳውን ብቻውን ነው የበላው። አንጀቴን በላው። ነገም ሰላም እለዋለሁ፤ ከነገ ወዲያም።

ማታ ፊልሙን እኔ ነኝ የከፈትኩት። ናዝራዊት አጠገቤ ቁጭ ብላ ለእራት ድንች ትልጣለች። ሳምንት ሙሉ የተዘጋው አፏ ዛሬ አልገጥም አለ፤ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ዳንኤል፣ ስለ እናቷ... ጋሪው መጣ። ልጅቷ ተሳፈረች። ያ ፊት ሊታይ ነው፤ ስጠብቀው የዋልኩት።

ፊልሙን አቆምኩትና ወሬዋን ወዳላቋረጠችው ናዝራዊት ዞርኩ።

"እሺ፣ ከዚያስ?" አልኳት።