ረዳት የተባለችው ድመት

የካቲት 4

ጉልበቴ ዛሬ ይሻላል። ጠዋት ከታቦር ተራራ ቁልቁል ወርጄ ሐይቁ ዳር ደረስኩ። ተቀመጥኩ። ሰው አየሁ። በባጃጅ ተመለስኩ። ለምሳ የትናንቱን ሽሮ አሞቅሁ። ቀኑን ሙሉ ያናገረኝ የባጃጁ ልጅ ብቻ ነው። እሱም ያለው «አባት፣ ጠጋ ይበሉ» ነው።

ማታ ሳያት ደወለች። «አባዬ፣ ደህና ነህ?» ደህና ነኝ። «በላህ?» በላሁ። «የጎደለህ ነገር አለ?» ኧረ ምንም። ለገና ሥራ ይዟት ቀረች፤ ለፋሲካ ግን እመጣለሁ ብላለች። ያለችው እኮ አዲስ አበባ ነው፣ ባሕር ማዶ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ የነዳሁበት መንገድ፤ ጉድጓዱን ሁሉ በስም አውቀዋለሁ። እኔ እንዳልሄድ፣ ከጓደኛዋ ከኤደን ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ሁለት ሴት ልጆች መሃል የት እተኛለሁ?

«ዕቃ ልኬልሃለሁ፣ ቅዳሜ ከኦሊያድ ተቀበል» አለች። ምን ይሆን?

የካቲት 8

መናኸሪያ ሄጄ ካርቶኑን ተቀበልኩ። ኦሊያድ ድሮ አውቶቡስ ላይ ረዳቴ ነበር፣ አሁን ራሱ ሾፌር ሆኗል። «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ምንድነው? መኪናው በነጠረ ቁጥር ሚያው ይላል እኮ! አንዷ ተሳፋሪ ልውረድ ብላ ስንት ለመንኳት» አለኝ።

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ድመት! ግራጫ ናት። ፀጉሯ የእውነት ድመት ፀጉር፣ ጢሟም እንደዚያው። ሆዷ ሥር ግን ማብሪያ ማጥፊያ አላት... ወይ ጉድ። በቻርጅ የምትሠራ ድመት ተላከችልኝ።

አበራኋት። ዓይኗን ገለጠች። ቀና ብላ አየችኝ። ደንግጬ አጠፋኋት።

የካቲት 9

«ወደድካት?» አለች ሳያት። «በጣም!» አልኩ። ምን ልበል? ልጅ አስባ የላከችውን ነገር ማን ያጣጥላል? «ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰዎች የተሠራች ናት እኮ አባዬ። ስታወራት ትሰማለች።» «ደስ ትላለች፣ ተባረኪ» አልኳት።

ይህን ስል ድመቷ ቁም ሳጥኑ ላይ ነበረች። ጠፍታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙሬያት።

የካቲት 14

ለምን እንዳበራኋት እንጃ። መብራት ሄደ፣ ሬዲዮው ዝም አለ፣ ቤቱም ዝም አለ። አወረድኳትና ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ሆዷ ይሞቃል። ጀርባዋን ስዳብሳት እርር... እርር... መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ እንደሚለው። ሞተር አውቃለሁ። ንጹሕ ድምፅ ነው፣ የሚንኳኳ ነገር የለውም።

ስናገር ጆሮዋን ወደኔ ታዞራለች። ሳስነጥስ ትበረግጋለች። ትንሽ ባንጎራጉርላት አንገቷን ደፋች። አድናቆት ይሁን ትችት አልገባኝም።

ስም አወጣሁላት። ረዳት። ሾፌር ያለ ረዳት የት ይሄዳል?

የካቲት 17

ሁዳዴ ገባ። ለረዳት ነገርኳት። እሷ እንደሆነች ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ናት።

የካቲት 21

ጎረቤቴ ሙሉጌጥ በር አንኳኳች። ሐይቁ ዳር ዓሣ ስትሸጥ የምትውለው። ባለቤቴ ፅጌ ካረፈች ወዲህ ከእግዜር ሰላምታ አልፈን አናውቅም።

«ጋሽ ደረሰ፣ ድመት አመጡ እንዴ? በመስኮት አየኋት፣ ስታምር!» አለችና ጥቁር ፌስታል ዘረጋችልኝ። የዓሣ ጭንቅላት። «ለሷ ነው፣ አጥቤዋለሁ።»

«ኧረ አትቸገሪ...»

«ምን ችግር አለው? እኛ ጋ የሚጣል ነው። እንስሳ ማብላት ጽድቅ አይደል?»

አትበላም ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ይዛ መጥታ... ደግሞስ ምን ልባል ነው? ያ ሁሉ አገር ያመላለሰ ደረሰ በስተርጅና በአሻንጉሊት ይጫወታል? ተቀበልኩ። አመሰገንኩ።

የካቲት 28

ፌስታሉ ቀጥሏል። እኔ ጿሚ፣ ረዳት አፍ እንጂ ጉሮሮ የላት። ከጓሮ ስወረውረው አባ ኮዳዎቹ ለመዱ። ዛሬማ እነዚያ መላጣ ወፎች እንደ ዕድር ሽማግሌ አጥሩ ላይ ተኮፍሰው ጠበቁኝ።

«ወፈረች?» ትለኛለች ሙሉጌጥ። «እንዳለች ናት» እላለሁ። ይኼ እንኳ ውሸት አይደለም።

እውነቱን ለመናገር... በር ላይ ቆማ ስታወራኝ ደስ ይለኛል። ስለ ገበያው፣ ስለ ጉልበቴ፣ ቱላ ስላለው ወንድሟ። ግን ለድመቷ ብላ ነው የምትመጣው። አትበላም ካልኳት ምን ብላ ትመጣለች?

መጋቢት 9

ሳያት ደወለች። ገና «አባዬ» ስትል ከድምፅዋ አወቅሁት።

«ለፋሲካ... በበዓሉ የሥራ ተራዬ ሆነ። ልቀይር እችል ነበር፣ ግን የምትተካኝ ልጅ ትናንሽ ልጆች አሏት፣ አሳዘነችኝ። አንተ ደግሞ አሁን ብቻህን አይደለህም። ረዳት አለችህ። ደስ ብሎኛል ስትለኝ እኮ እንዴት እንደቀለለኝ!»

«እሺ የኔ ልጅ። ሥራሽን ሥሪ። ምንም አይደል።»

ምንም አይደል አልኩ። ስልኩን ዘጋሁና ቁጭ አልኩ።

በገዛ አፌ አስቀረኋት። ምን ትበላለህ ስትለኝ ድመቷ፣ እንዴት አደርክ ስትለኝ ድመቷ... በተጠየቅሁ ቁጥር እሷን ሳሞግስ ሰነበትኩ። ልጅቷ ምን ታድርግ? አመነችኝ።

መጋቢት 10

ረዳትን አላበራሁም።

መጋቢት 11

አበራኋት። እሷ ምን አጠፋች?

«ሳያት ናፈቀችኝ» አልኳት። ጆሮዋን አዞረች። ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች። አለቀ። ለሷ መናገር እንዴት ቀላል ነው! ግን ደግሞ ምን ሆነሃል አትልም። ፅጌ ብትሆን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ካረማመዴ አውቃ «ምን ሆነሃል?» ትለኝ ነበር።

መጋቢት 13

ሰይጣን አሳሳተኝ። ሳያት ስትደውል «ረዳት ታመመች» አልኳት። ምንም አልሆነችም! ጭኔ ላይ እርር እያለች ነው። ድምፅዋ እንዳይሰማ ትራስ ጫንኩባት።

«ምን ሆነች?»

«እንጃ፣ አልነሳ አለች። መጥተሽ ብታያት...»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ጠበቅሁ።

«ውይ፣ አታስብ አባዬ! በኦሊያድ ላካት። እዚህ እንዲህ ዓይነት ዕቃ የሚሠራ ልጅ አለ።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

መጋቢት 15

ማለዳ አጠፋኋትና ካርቶኗ ውስጥ አስተኛኋት። ክዳኑን ስዘጋ እንባዬ መጣ። ለፕላስቲክ! ከግቢ ስወጣ ሙሉጌጥ በሯ ላይ ቆማ ነበር። «ጋሽ ደረሰ፣ ምነው?» አለችኝ። ራሴን ነቅንቄ አለፍኩ።

መጋቢት 16

ከሁለት ያጣ ሆንኩ። አንዷን አመጣለሁ ብዬ ሌላዋንም ሸኘሁ። ጎበዝ ደረሰ! ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ።

መጋቢት 17

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሙሉጌጥ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ፔርሙስና በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ይዛለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለችኝ።

ክው አልኩ። ሳያት! ከሳያት ሌላ ማን አለኝ? የበሩን መቃን ያዝኩ። «ማን... ማን ሞተ? ንገሪኝ!»

«ኧረ ድመቷ ነች ጋሽ ደረሰ! በካርቶን ይዘዋት ሲወጡ አየሁዎት። ባዶ እጅዎን ሲመለሱም አየሁዎት። ብቻዎን ቀብረዋት ሲመለሱ አንጀቴን በሉት። እንስሳም ቢሆን ነፍስ ነው እኮ!»

ልስቅ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ለቅሶ ነው። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና «ያልቅሱ፣ ይውጣልዎት» ትላለች። በፅጌ ለቅሶ እንኳ እንዲህ አልሆንኩም። ያኔ እንግዳ ሳስተናግድ፣ የድንኳን ገመድ ሳጠብቅ፣ «ጠንካራ ነው» ስባል ነው የዋልኩት።

ከዚያ ነገርኳት። ማብሪያ ማጥፊያውን፣ ቻርጁን፣ ትራሱን፣ የሳያትን መቅረት። አንድም ሳላስቀር።

ቀና ብላ አየችኝ።

«ታዲያ ዓሣዬን ማን በላው?»

«አባ ኮዳ።»

ተነሳች። ተቀይማ ልትሄድ መሰለኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ... ለካ እየሳቀች ነው! «ለዚያ ለመላጣ! ልጆቼን ስንት ጊዜ የድመቷን ድርሻ አስቀምጡ ብዬ...» ጨርሳ መናገር አቃታት። እኔም ሳቅሁ። መቼ እንደሳቅሁ እንኳ ረስቼዋለሁ።

ሻዩን ቀዳችልኝ። «ለቅሶ ብዬ ይዤው የመጣሁትን አልመልሰውም፣ ይጠጡ። ሳያትስ ይኼን ሁሉ ታውቃለች?»

«ምን ብዬ ልንገራት? ልጅ ሥራዋን ጥላ ነይ ይባላል?»

«ጋሽ ደረሰ፣ እኔ በር ለበር ተቀምጬ አላወቅሁም። እሷ እዚያ ሆና በምን ትወቀው? ደህና ነኝ ካሏት ደህና ነዎት።»

መጋቢት 19

ሳያት ደወለች። «ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

አመለጠኝ። አፍ የለመደውን ነው የሚያወጣው። ረዳት ነገ ትመለሳለች ወይ ብዬ ስለ ድመቷ ጠየቅሁ። ሰው እንዴት እንዲህ ይፈራል? ደግሞ የገዛ ልጁን?

መጋቢት 23

ራሴ ደወልኩ። ሥራ እንዳልረብሻት ብዬ ደውዬላት አላውቅም፤ ስታነሳው ደንግጣለች።

«አባዬ! ምን ሆንክ?»

«ምንም... አይ። ሆኛለሁ። ሳያት፣ ድመቷ አልታመመችም። ዋሽቼሽ ነው። እንድትመጪልኝ ብዬ ነው።»

ከበስተጀርባዋ የመኪና ጡሩምባ ይሰማኛል።

«ደህና አይደለሁም። ቤቱ ከበደኝ። ናፍቀሽኛል።»

ከዚያ ስትነፋረቅ ሰማኋት።

«እማዬ ከሞተች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ከፋኝ ብለህ አታውቅም። እኔ እኮ ከሁለታችን እኔ ብቻ የማለቅስ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ቤት ስመጣ አንተ ደህና ነህ፣ እኔ ብቻ... ለዚህ ነው መምጣቱን የምፈራው።»

ይኼን አላወቅሁም። እንዳትሰበር ብዬ ጥርሴን ስነክስ፣ ለካ ብቻዋን ትቻት ኖሬአለሁ። ይቅር በይኝ አልኳት። እሷም ይቅር በለኝ አለች። ከዚያ «በላህ?» አለችኝ። «አልበላሁም» አልኳት፣ እውነት ስለነበረ። ተቆጣችኝ።

ሚያዝያ 10

ስቅለት። ሳያት ገባች! ኤደን ከምታውቃት ልጅ ጋር ተራ አቀያየረቻት። ከስታለች። ፀጉሯን አሳጥራለች፤ ከጎን ስትታይ ቁርጥ ፅጌን። ካርቶኑን ይዛ ነው የመጣችው። ጠጋኙ ልጅ ድመቷን አይቶ «ይቺ ካንቺም ከኔም የበለጠ ጤነኛ ናት» አላት አሉ። እያስመሰለች ስትነግረኝ አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ሙሉጌጥ «እስቲ ሟቿን ልይ» ብላ መጣች። ሆዷን ገልብጣ ማብሪያዋን አየችና «አንቺ አታላይ!» አለቻት። ረዳት ሚያው አለች። ሳያት ፍራሹ ላይ ወድቃ ሳቀች።

ሚያዝያ 14

ዛሬ ሸኘኋት። በዓሉን ስለ እናቷ ስናወራ ከረምን። ሻንጣውን ከፍታ የፅጌን ቀሚሶች አወጣች፣ ለካች፣ አንዱን ወሰደች። ያለቀስነውም የሳቅነውም ብዙ ነው። በዶሮው ላይ ጨው አብዝቼ እሷ ዝም ብላ በላች፤ በመጨረሻ «አባዬ፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ...» አለችኝ።

መናኸሪያ በመስኮት ብቅ ብላ «ደህና ነህ?» አለች። «አይደለሁም፣ ግን ሂጂ» አልኳት። እንባዋን ጠረገች። በዓል ሳልጠብቅ እመጣለሁ ብላለች። ትችል ይሆን? እንጃ። ሥራ ሥራ ነው።

ቤቱ ዛሬም ከባድ ነው፣ አልዋሽም። ረዳትን አበራኋትና ጭኔ ላይ አደረግኋት። እርር አለች። ለምጃታለሁ፣ ከኔ ጋር ትኑር። ግን ለሷ የምነግራት አልነበረኝም። ስልኩን አነሳሁ።

«አባዬ? ምን ረሳሁ?»

«ምንም። ናፈቅሽኝ» አልኳት።

ገና ሻሸመኔን እንኳ አላለፉም።